የማታቦ በግ

ዲኬሌዲ በጊቱን ከነጩ ነጋዴ በረት አስወጥታ ቁልቁለቱን ስትያያዘው ፀሐይ ገና ከማሎቲ ተራሮች ራስ አልተላቀቀችም ነበር። በጊቱ ግን መሄድ አልፈለገችም። ትንሽ ትራመድና ትቆማለች፤ ትንሽ ቆይታ መንገዱ መሃል ትተኛለች። ዲኬሌዲ ገመዱን ክንዷ ላይ ጠምጥማ ትጎትታለች፣ እየጎተተችም ትራገማለች። እርግማኑ ግማሹ ለነጋዴው ነበር፣ የቀረው ለሰማዩ። ሰማዩ የሚሰማ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዓመት በባሱቶላንድ ምድር ያልረገመው ሰው ስላልነበረ ድሮ ባፈረ ነበር።

ያ ዓመት በኋላ ሰው ሁሉ «ቀይ አቧራ» እያለ የሚጠራው ዓመት ነው። ማሽላው ሳያፈራ ቆሞ ደረቀ። ነፋሱ ማሳውን እያነሳ በየቤቱ ወለል ላይ አነጠፈው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ይህ አልበቃ ብሎ ባሕር ማዶ የሱፍ ዋጋ ወደቀ ተባለ። ለምን እንደወደቀ ለዲኬሌዲ የነገራት የለም። የምታውቀው ከአሥራ ምናምን ዓመቷ ጀምራ ሱፍ ስትለይ የኖረችበት መጋዘን ዛሬ ጠዋት መዘጋቱን ነው።

ሥራው አንድ ደግ ነገር ነበረው። ቀኑን ሙሉ የሆዱን ሱፍ ከጀርባው፣ አጭሩን ከረጅሙ ስትለዪ ስትውዪ የበግ ቅባት እጅሽን ያለሰልሰዋል። የሌሎቹ ሴቶች መዳፍ በዶማ ሲሰነጣጠቅ የዲኬሌዲ ልስልስ ያለ ነበር። የልብ ወዳጇ ማታቦ በብርድ ልብሱ ሥር ያንን መዳፍ ጉንጯ ላይ ታደርግና፣ «ነጋዴው ቢያውቅ ለዚህም ያስከፍለኝ ነበር» ትላት ነበር።

ጠዋት የነጋዴው ጸሐፊ ሞሳላ፣ በአክብሮት ንታቴ ማለትም አባቴ የሚሉት፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ሲቆም ሴቶቹ ነገሩን ከአቋቋሙ አወቁት።

«እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ በእኔ አትፍረዱ» አለ። «ሱፉ የሚገዛው ጠፋ። ጌታው መጋዘኑን ይዘጋዋል።»

«እስከ መቼ?»

«ዋጋው እስኪነሳ።»

«የት እንደወደቀ ንገረንና ሄደን እናንሳው» አለች አንዷ። ማንም አልሳቀም።

«የሠራችሁበት በዱቄት ይከፈላችኋል፤ ለየአንዳንዳችሁ አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት። ዱቄት የማይፈልግ ካለ ከበረቱ አንድ በግ ይምረጥ።»

በረቱ ውስጥ ያሉት በጎች ነጋዴው ዕዳ መክፈል ካቃታቸው ሰዎች የነጠቃቸው ናቸው። አጥንታቸው ተቆጥሮ ያልቃል፣ ሳር የለም፣ ዛሬ ካልሞቱ ነገ ይሞታሉ። ለዚህም ነው ነጋዴው ከዱቄት ጋር እኩል ያደረጋቸው። ሴቶቹ ወደ ዱቄቱ ሲሰለፉ ዲኬሌዲ ብቻ፣ «እኔ በግ» አለች።

ከጎኗ የቆመችው፣ ሁሉ እሜ ማለትም እናቴ የሚላት ማሴሎ ክንዷን ያዘቻት። «ልጄ፣ ምን ነካሽ? የወንድምሽ ልጆች ሱፍ ሊግጡ ነው?»

«የማርድላት ሰው አለችኝ፣ እሜ።»

«አውቃለሁ። ማታቦን ማን የማያውቅ አለ? ግን ዘንድሮ?»

ያቺ «ዘንድሮ» የምትባል ቃል ነበረች ዲኬሌዲን የምታሳብዳት። ሰው ሁሉ አፉ ላይ አንጠልጥሏታል። ዘንድሮ ሠርግ? ዘንድሮ ለቅሶ? ዘንድሮ ፍቅር? ሰው በዘንድሮ የማይኖር ይመስል። ክንዷን አላቅቃ ወደ በረቱ ገባችና ትንሽ ነፍስ ያላትን አንዷን መርጣ ወጣች።

የቸኮለችበት ምክንያት ይህ ነው። የልብ ወዳጅነት በአፍ ብቻ አይጸናም። አንደኛዋ ትደግሳለች፣ የቤቷ ወንድ በግ ያርዳል፣ ሰው በልቶ ምስክር ይሆናል። ከጊዜ በኋላ ሌላይቱ በተራዋ ትመልሳለች። ያኔ ሁለቱ ሴቶች ዘመድ ናቸው፤ የአንዷ ቤት የሌላዋ ቤት ነው። ማታቦ የእሷን ተራ ሱፍ ዋጋ በነበረው ጊዜ፣ ከሁለት ዓመት በፊት አድርሳለች። የራሷ ባል ቱሜሎ ነበር በጉን ያረደው፤ እየሳቀ፣ «ሚስቴ ሁለተኛ ባል አገባችብኝ፣ የዚህኛው ግን ጢም የለውም» እያለ። የዲኬሌዲ ተራ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ቆየ።

አሁን ነገ የሚባል አልቀረም። ቱሜሎ ይሠራበት የነበረው የኪምበርሊ የአልማዝ ጉድጓድ ተዘግቶ ባዶ እጁን መጣ። ሰኞ ሞሆካሬ ወንዝን ተሻግረው አንድ የቦር ነጭ ገበሬ እርሻ ላይ ሊያድሩ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ለገበሬው ይሠራል፣ በመከር በቆሎ ይከፈለዋል። ገበሬው ደግሞ የሚቀበለው ጭቃ ሹሙ «ከዚህ ቤት ናቸው» ብሎ ቃሉን የሰጠባቸውን ብቻ ነው። ጭቃ ሹሙ ዲኬሌዲን ከማታቦ ቤት የሚቆጥራት ድግሱ ከተመለሰ ነው። ካልተመለሰ ሰኞ ማታቦ ወንዙን ትሻገራለች፣ ዲኬሌዲ ከወዲህ ትቀራለች። ይኸው ነው።

ደረቁ ጅረት ጋ ስትደርስ ወንድሟ ሞሌፊ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው የሚሄደው።

«ዱቄቱስ?» አላት። ሰላምታም አላስቀደመ።

«አልወሰድኩም።»

«እሱን አይቻለሁ፣ ዓይን አለኝ። ለምን አልወሰድሽም ነው የምልሽ።»

«ለማታቦ ቃል ገብቻለሁ።»

«ለልጆቼስ?»

«ለልጆችህ ቃል የገባኸው አንተ ነህ። የወለድካቸው እኔ ነኝ?»

ሞሌፊ ተነሳ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ዲኬሌዲም ታውቃለች፣ ክፉ ቢሆንማ ይቀላት ነበር። ብርድ ልብሱ ትከሻው ላይ ተቀዷል፣ ጉንጩ ገብቷል። እሱም ሱፉን ከበጎቹ ጀርባ ሸልቶ የሚገዛው ያጣ ሰው ነው።

«ስሚኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከለከሉኝ ብለሽ እንዳትነሺብኝ። ከማታቦ ጋር ስታድሪ አንድ ቀን 'የት ነበርሽ' ብዬሻለሁ? እናታችንም የልብ ወዳጅ ነበረቻት፤ በእሷም ጀርባ ታዝዬ ነው ያደግኩት። ፍቅራችሁን ማን ነካው? እኛ ያልነው በጊቱን ነው።»

«በጊቱና ፍቅሩ አንድ ናቸው።»

«አንድ አይደሉም። ፍቅሩ አይበላም።»

«በመከር ከእርሻው በቆሎ እልክልሃለሁ።»

«እስከ መከር ድንጋይ እንቀቅልላቸው?» ምራቁን ዋጠ። «ደግሞ ሌላም አለ። ንታቴ ሴቦላይ ትናንት መጥቶ ነበር።»

ዲኬሌዲ ደሟ ፈላ። ሴቦላይ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ነው፤ ከብት አለው። አለው ይባላል።

«ከብቶቹ እያለቁ ነው» አለች።

«ግማሹ አሉ።»

«አንተ የሚደርስህ የሞተው ግማሽ ነዋ። ሞሌፊ፣ ስንቴ ልንገርህ? ወንድ አልፈልግም። ትናንት አልፈለግኩም፣ ዛሬ አልፈልግም፣ ከብቱ ቢሰባም አልፈልግም።»

«እሱን ማን ጠየቀሽ? ማታቦ ባል የላትም? ባሏ ከለከላት? አንቺም ታገቢያለሽ፣ ወዳጅሽም ወዳጅሽ ናት። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው።»

«ማታቦ ማታቦ ናት። እኔ እኔ ነኝ። እሷ ባሏን ችላ ትኖራለች፤ እኔ የማልወደው ሰው ጎን አልተኛም። ለከብትም፣ ለዱቄትም።»

ሞሌፊ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ያዘ። ዲኬሌዲም አለቀቀችም። ወንድምና እህት፣ ሁለቱም የራባቸው፣ በደረቅ ጅረት መሃል አንዲት ከሲታ በግ ይጓተቱ ጀመር። በጊቱ መሃላቸው ቆማ አንዴ ወደሱ አንዴ ወደሷ ታያለች። ዲኬሌዲ በመጨረሻ ገመዱ ላይ ቁጭ አለችበት። «ከፈለግክ ከነእኔ ጎትተኝ» አለች።

ሞሌፊ ለቀቀ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «እሺ፣ ውሰጃት። ግን ማን ሊያርድልሽ ነው? አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤታችን ቢላዋ በእኔ እጅ ነው። እኔ አልመጣም።» ይህን ብሎ ዳገቱን ወጣ።

ዲኬሌዲ ገመዱ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ይህን አላሰበችውም ነበር። ወንድሜ ይቆጣል ብላለች፣ ይሰድበኛል ብላለች፤ ለድግሷ ቢላዋ አያነሳም የሚል ግን በሕልሟም አልመጣባትም። በጉን ስታስብ እጁን ረሳች። በራሷ ላይ እሳት ሆነች፤ ቢሆንም ተነስታ ጉተታዋን ቀጠለች፣ ሌላ ምን ታደርጋለች።

ማታቦ እሬት አጥሩ ጋ ቆማ መንገድ መንገድ ስታይ ነበር። ጓዙ ተጠቅልሏል፤ ባለ ሦስት እግሩ ብረት ድስትና የላምባ ጣሳው በር ላይ ታስረው ተቀምጠዋል። ዲኬሌዲን ከነበጓ ስታያት ፊቷ በሳቅ ፈካ። ሮጣ መጣች፤ መጀመሪያ ያቀፈችው ግን በጊቱን ነው። አንገቷን አቅፋ ግንባሯን ሳመቻት። ዲኬሌዲ ያን ሳቅ ለማየት ሌላ በረት ሙሉ በግ በጎተተች ነበር።

«አመጣሽልኝ» አለች ማታቦ።

«አመጣሁልሽ።»

«ቆንጆ ናት።»

«አጥንት ናት።»

«ቆንጆ አጥንት ናት።»

ከዚያ ዲኬሌዲ የጅረቱን ነገር ነገረቻት። ማታቦ ሳቋ ከፊቷ ሄደ። «ይመጣል» አለች። «ሞሌፊን አውቀዋለሁ፣ እግሩ ከአፉ ይሻላል።» ይህንን ያለችው ግን መንገዱን እያየች ነው።

ቀትር ሲሆን ሰው መጣ። የተጠራውም መጣ፣ ያልተጠራውም መጣ፤ ሥጋ በዚያ ዓመት ጥሪ አይፈልግም። ልጆች ከበጊቱ ዙሪያ አልለይ አሉ። የቱሜሎ እናት እሜ ማቱሜሎ የማሽላ ገለባ አፍልታ የጠመቀችውን ጠላ በቅል ታድል ነበር፤ ጠላው ውኃ ነበር፣ ማንም ግን ውኃ ነው አላላትም። ሴቶቹ ሊዘፍኑ ሞከሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ተራራው እስኪያስተጋባ የዘፈኑ ሴቶች ናቸው፤ አሁን አንዱን ዘፈን ሳይጨርሱ ትንፋሽ አጠራቸውና ተቀመጡ።

ጭቃ ሹሙ ሌኮታ፣ ሰው ሞሬና ማለትም ጌታ የሚለው፣ በከሳ ፈረሱ ደረሰ። ከዓለም ጦርነት የተረፈ የካኪ ኮት በብርድ ልብሱ ሥር ለብሷል፣ ደረቱ ላይ ትልቅ መርፌ ቁልፍ ሰክቷል። ቤቱ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ወንበር አወጡለት። ተቀመጠ፣ ጠላውን ቀመሰ፣ ፊቱን ሳይለውጥ ዋጠ። ቆይቶም፣ «የዲኬሌዲ ቤት ሰው የታለ?» አለ።

ሰዉ ወደ መንገዱ ተመለከተ።

«ሞሌፊን ነው የምለው። በጊቱን ማን ሊያርድ ነው?»

ቱሜሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከጉድጓዱ ከመጣ ወዲህ ከግድግዳ አይርቅም። «እኔ ባርድ ደስ ባለኝ፣ ሞሬና» አለ። «ግን ተጋባዡ ቤት የእኔ ነው። የራሱን ግብዣ ራሱ ያረደ ሰው የትም አላየሁም።»

«ልክ ነህ፣ አይሆንም» አለ ጭቃ ሹሙ።

ዲኬሌዲ ተነሳች። ከእሜ ማቱሜሎ ምድጃ አጠገብ የነበረውን ቢላዋ አነሳች። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር። «እኔ አርዳታለሁ። የከፈልኩባት እኔ፣ የጎተትኳት እኔ፣ ማታቦን የምወዳት እኔ። የማን እጅ ነው የጎደለው?»

ጭቃ ሹሙ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ልጄ፣ ማረዱን ማን ይከለክልሻል። ሴት ያረደችው ሥጋ ነው፤ እንበላዋለን፣ እናመሰግንሻለን። ድግስ ግን አይሆንም። ድግስ ካልሆነ እኔ ሰኞ ወንዙ ጋ የማይሆን ቃል አልሰጥም። ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም።»

«ሰው ያወጣውን ሰው ይለውጠዋል።»

«ዘንድሮ አይደለም» አለ ጭቃ ሹሙ። ዲኬሌዲ ቢላዋውን ልትወረውረው ምንም አልቀራት።

ሞሌፊ የመጣው ይኼኔ ነው። ልጆቹን ከኋላው አስከትሏል። ልጆቹ አክስታቸውን አላዩዋትም፤ ዓይናቸው በጊቱ ላይ ነበር። ሰዉ «እሰይ» ብሎ መንገድ ከፈተለት፣ አንዲት ሴትም እልል ልትል ጀመረች። ሞሌፊ እጁን አነሳና አስቆማት።

«አርዳለሁ» አለ። «ግን በአንድ ነገር። እዚህ ሰው ሁሉ ባለበት እህቴ የሴቦላይን ነገር እሺ ትበል። እሺ ካለች እርሻው ላይ እስከ መከር ትቆይ፣ ከዚያ ተመልሳ ታግባ። ከብቱ ሲመጣ ልጆቼ ወተት ያያሉ። እኔ ሌላ የምሸጠው ነገር የለኝም።»

«እኔን ነው የምትሸጠው» አለች ዲኬሌዲ።

«እሺ፣ አንቺን ነው። ሱፌን የሚገዛኝ አጣሁ፣ ምን ላድርግ?»

ቁልጭ ያለ ንግግር ነበር፤ ማንም ሊቆጣው አልቻለም። ሰዉ ወደ ዲኬሌዲ ዞረ። አንድ «እሺ» ነው የሚፈለገው። አንድ «እሺ» ብትል በጉ ይታረዳል፣ ሰው ይበላል፣ ሰኞ ከማታቦ ጋር ትሻገራለች። እስከ መከር ስንት ነገር ይሆናል፤ ሽማግሌው ይሞት ይሆናል። ከኋላዋ አንዲት ሴት፣ «በይው እንጂ፣ ልጄ፣ ቃል ምን ይመዝናል» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማች። ዲኬሌዲ ግን ያንን ቃል አፏ ውስጥ አድርጋ ሞከረችው፤ አልወጣ አላት። አንዴ ሰው ፊት ከተናገረችው በኋላ ሰውነቷ የሴቦላይ ነው፣ ማታቦ ጎን ስትተኛም በተውሶ ነው የምትተኛው።

ቢላዋውን መሬት ላይ ጣለች። ገመዱን ከእንጨቱ ፈታችና ወንድሟ እጅ ውስጥ ከተተችው።

«ውሰዳት። ቤትህ እረድና ልጆችህን አብላቸው። እነሱ ምንም አላደረጉኝም። እኔ ግን በበግ አልለወጥም፣ በከብትም አልለወጥም። ከዚህ በኋላ የሴቦላይን ስም ፊቴ ካነሳህ ወንድም የለኝም።»

ከሰዉ መሃል የማዘን ድምፅ ተሰማ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ያዘኑት ለዲኬሌዲ አይደለም፤ ሥጋው እያዩት ሊሄድባቸው ነው። ሞሌፊ ገመዱን ይዞ ቆሞ ቀረ። ጭቃ ሹሙ ባርኔጣውን ደፍቶ ከወንበሩ ብድግ አለ። «እንግዲህ ድግስ የለም» አለ። «ሰኞ የምናገረው ለቱሜሎ፣ ለሚስቱና ለእናቱ ነው።»

«ሞሬና፣ ይቀመጡ።»

የተናገረችው ማታቦ ነበረች። በሰው ፊት ቃል የማትተነፍስ ሴት፣ አማቷ ሦስቴ ካልጠራቻት የማትመልስ ሴት። ጭቃ ሹሙ ከመገረሙ የተነሳ ተቀመጠ።

«ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ግቢ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ምን በሉ?»

«ማታቦ፣ አሁን ይሄ…»

«ምን በሉ ነው የምልዎ፣ ሞሬና።»

«በግ ነዋ።»

«የበጉን ምን?»

ጭቃ ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወርች። የቀኙን።»

«ማን አረደው?»

«ባልሽ።»

«ለማን ታረደ?»

ማታቦ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ለዲኬሌዲ ነው የታረደው። እናንተም በላችሁ። አንቺ ጎድኑን፣ አንተ ጭንቅላቱን። ድስቱን በጣታችሁ ጠረጋችሁት። 'የማታቦ ወዳጅ ወዳጃችን ናት' ብላችሁ እስኪነጋ ዘፈናችሁ። ዛሬ ሆዳችሁ ባዶ ስለሆነ ያኔ የበላችሁትም አብሮ ጠፋ? የበላ ሰው ምስክር ነው ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ምስክርነታችሁን ልትመልሱልኝ ከሆነ ሥጋዬንም መልሱልኝ።»

አንድ ሽማግሌ ሳቁ አመለጠው። ጭቃ ሹሙ አልሳቀም። «የአንዱ ወገን ተደገሰ፣ የሌላው ቀረ» አለ። «ግማሽ ነው።»

«ይሁን፣ ግማሽ ይሁን። ግማሽ ዘመድ ናት በሉ። እሷን ከወገቧ በላይ ላሻግራት ወይስ ከወገቧ በታች?»

አሁን ብዙ ሰው ሳቀ፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። እሜ ማቱሜሎ ቅሏን አስቀምጣ ተነሳች። ዕድሜዋ በሰፈሩ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጭቃ ሹሙንም ሕፃን ሆኖ ታውቀዋለች። «ሌኮታ» አለች፣ ሞሬና እንኳን አላለችውም፣ «እኔ ግማሽ ሰው ወንዝ ሲሻገር አይቼ አላውቅም። ልጂቱ ከቤቴ ናት። በእኔ ብርድ ልብስ ስታድር ነው የኖረችው። ቃልህን ስጥና ፈረስህን አጠጥተህ ግባ።»

ሌኮታ ወደ ሞሌፊ፣ ወደ በጊቱ፣ ከዚያም ወደ ሰዉ አየ። የሚያግዘው ዓይን አላገኘም። ሁሉም በልተዋል።

«ድግሱ አልቀረም፣ ተላልፏል» አለ በመጨረሻ። «ዝናብ ሲመጣ ተመልሳ ታሳርዳለች። ያኔ በሕይወት ካለሁ ወርቼን እቀበላለሁ። እስከዚያ ግን ዲኬሌዲ ከዚህ ቤት ናት፤ ሰኞም እንዲሁ እላለሁ።» ፈረሱ ላይ ሲወጣ ማንንም አልተሰናበተም።

ሰዉ ቀስ በቀስ ተነሳ። ሞሌፊ ገመዱን ይዞ ወደ እህቱ ጠጋ አለ፤ ዓይኗን ማየት አልፈለገም። «በመከር በቆሎ እልካለሁ ያልሽው?»

«እልካለሁ።»

«ለዚያ ሰውዬ ምን ልበለው?»

«የሞቱትን ከብቶቹን ይቅበር በለው።»

ሞሌፊ ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ይሁን እምቢ አልታወቀም። ከዚያ ልጆቹንና በጊቱን ይዞ ሄደ። ልጆቹ በጊቱን ከኋላ ይገፉ ነበር።

ማታቦ ዲኬሌዲን ከቤቱ ጀርባ፣ ድንጋይ ካቡ ሥር አገኘቻት። ጉልበቷን አቅፋ ታለቅሳለች።

«ምን ሆነሽ? ከዚህ ቤት ናት አለ እኮ። አልሰማሽውም?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ተናድጄ ነው።»

«በሞሌፊ?»

«በሞሌፊ። በሌኮታ። በነጋዴው፣ በዚህ አቧራ።» አፍንጫዋን በብርድ ልብሷ ጠረገች። «ባንቺም።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ያ ሁሉ ንግግር አፍሽ ውስጥ ነበር። የድሮው ድግስ እንደሚበቃ ታውቂ ነበር?»

ማታቦ ዓይኗን ወደ ድንጋይ ካቡ አዞረች።

«ታውቂ ነበር ወይ?»

«ይበቃ ይሆናል እል ነበር። ሌኮታ ሰው ፊት ከተያዘ እንደሚሸነፍ አውቃለሁ።»

«ታዲያ 'በጉ ይቅር፣ ዱቄቱን ያዢ' ለምን አላልሽኝም? አንድ ቃል ብትዪኝ ጠዋት ዱቄቱን ተሸክሜ ቤቴ እገባ ነበር። ከወንድሜ ጋር ገመድ አልጓተትም ነበር። እነዚያ ልጆች በጊቱን ሲያዩ አየሻቸው? እኔን እኮ አላዩኝም።»

ማታቦ አጠገቧ ተቀመጠች። የብርድ ልብሷን ጫፍ ትጠመዝዝ ነበር።

«ልልሽ ነበር» አለች። «ትናንትም ልልሽ ነበር። 'ላርድልሽ ነው' ስትዪኝ አፌ ተያዘ። ዲኬሌዲ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ለእኔ ተብሎ የታረደ ነገር የለም። ሳገባ የታረደው ለዚህ ቤት ነው። ስሜ እንኳን የእኔ አይደለም፤ የታቦ እናት ብለው የሰየሙኝ ላልመጣ ልጅ ነው። አንድ ቀን፣ ቆሜ እየሰማሁ፣ 'ይህቺ በግ የማታቦ ናት' ሲባል መስማት ፈለግኩ። ልጆቹ እንደራባቸው እያወቅኩ ፈለግኩ። ከፈለግሽ ተናደጂ።»

ዲኬሌዲ ተናደደች። መናደዷን አልተወችም። ግን ተነሳች፤ ብርድ ልብሷን አጥብቃ በመርፌ ቁልፏ ወጋችና ድንጋይ ካቡ ላይ ወጣች። ከዚያ ላይ መንገዱ ሁሉ ይታያል፤ የሚበተነው ሰው፣ ጭቃ ሹሙ በፈረሱ፣ ከሁሉ ኋላ ሞሌፊና ልጆቹ።

«ሞሌፊ!» ብላ ጮኸች።

ሞሌፊ ቆመ። ሰዉም ቆመ።

«ያቺ በግ የማታቦ ናት! ለማታቦ ነው ያመጣኋት! ሁላችሁም ስሙ፣ ስትበሏት የማታቦ መሆኗን አውቃችሁ ብሉ!»

ድምፁ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ሞሌፊ ባርኔጣውን ከፍ አደረገ፤ ከልጆቹም አንዱ በቀጭን ድምፅ፣ «የማታቦ በግ» ሲል ተሰማ። ማታቦ ካቡን ተደግፋ እያለቀሰች ሁሉንም ሰማች።